ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕና የቤንዚን ኦክቴን፦ ከፍ ያለ ቁጥር ነዳጅ ይቆጥባል?

ሰሞኑን ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ ማደያ ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቆመው ነጭ ደብል ካቢን ፒክአፕ ነበር። ጋንቾው ላይ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ታስሯል፤ ተሳቢው ላይ ደግሞ በሸራ የተሸፈነና በገመድ የተጠፈረ ትልቅ ጄኔሬተር ተጭኗል። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቀጂዋን «እህቴ፣ ይሄ ቤንዚን ኦክቴኑ ስንት ነው?» ሲል ጠየቃት። እርሷም የመቅጃውን እጀታ እንደያዘች «ጋሼ፣ እኛ ጋ ያለው ቤንዚንና ናፍጣ ነው፤ ሌላ ዓይነት የለንም» ብላ መለሰችለት። ኋላ ወረፋው ሲረዝም ስናወራ፣ ዱባይ የሚኖር ዘመዱ «ተሳቢ የምትጎትት ከሆነ ከፍተኛ ኦክቴን ካልቀዳህ ነዳጅ ይበላሃል» እንዳለውና ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮው እንዳልወጣ አጫወተኝ።

የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ዋጋው በየጊዜው ሲከለስ፣ እያንዳንዷ ሊትር ምን ያህል እንደምታስኬድ መጠየቅ የሁሉም ሾፌር ጉዳይ ሆኗል። የሾፌሩም ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዘመዱ የሰጠው መልስ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ኦክቴን በራሱ ነዳጅ አይቆጥብም። ሞተሩ ተጨንቆ ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን በሚያበላሽበት ጊዜ ብቻ ከፍ ያለ ኦክቴን ያንን ብክነት ያስቀራል። ተሳቢ መጎተት ደግሞ ሞተርን ከሚያስጨንቁ ነገሮች ዋነኛው ስለሆነ፣ ነገሩን ለመረዳት ከቁጥሩ ትርጉም መጀመር ያስፈልጋል።

ኦክቴን የሚለካው ምንድን ነው?

ኦክቴን ማለት ቤንዚን ሲጨመቅና ሲሞቅ፣ ብልጭታ ሳይነካው በራሱ ከመንደድ ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚገልጽ መለኪያ ነው። ለቡና ፈንዲሻ ያፈነዳ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ድስቱ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ሁሉ አንድ እሳት ላይ ቢሆኑም አንዳንዱ ገና መሞቅ ሲጀምር ይፈነዳል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንደሚቸኩለው ፍሬ፣ ከፍተኛው ደግሞ እንደሚዘገየው ፍሬ ነው። የዘገየው ፍሬ ግን ስለዘገየ ብቻ ከቸኮለው የበለጠ ምግብ አይሆንም፤ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚንም እንዲሁ በውስጡ የታመቀው ኃይል ከሌላው ይበልጣል ማለት አይደለም።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያቀረበው አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ሲሆን፣ በጣም ለሚታገሠው ኢሶኦክቴን ለተባለ ፈሳሽ 100፣ ፈጽሞ ለማይታገሠው ሄፕቴን ለተባለ ፈሳሽ ደግሞ 0 ሰጣቸው። ስለዚህ አንድ ቤንዚን 91 ነው ሲባል፣ ለሙከራ በተሠራ ሞተር ውስጥ ሲፈተሽ 91 እጅ ኢሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚታገሠውን ያህል ይታገሣል ማለት ነው።

ኦክቴንና ኃይል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ኤታኖል ነው፤ ይህ ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል ለከተማዋ በሚቀርበው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ እንዲደባለቅ ተደርጎ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። የኤታኖል ኦክቴን ከ100 በላይ ስለሆነ ማንኛውንም ተራ ቤንዚን ይበልጣል። ሆኖም አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሜጋ ጁል ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ኤታኖል የሚይዘው 21 ገደማ ብቻ ነው። በትዕግሥቱ የላቀው ፈሳሽ በኃይሉ በሲሶ ያንሳል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ከፍ ቢልም በሊትር የሚያስኬደው ርቀት በ3 በመቶ ገደማ ዝቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተር «ሲያንኳኳ» ውስጡ ምን ይፈጠራል?

ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል፤ ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በደረቅ ሣር ላይ እንደተለኮሰ ሰደድ ወደ ዳር ይስፋፋል እንጂ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይነድም። በዚህ መሀል ከካንዴላው የራቀው፣ ገና እሳቱ ያልደረሰበት ድብልቅ ከአንድ ወገን በፒስቶኑ፣ ከሌላው ወገን እየሰፋ በሚመጣው እሳት ይጨመቃል፣ ይሞቃልም። ቤንዚኑ ታጋሽ ከሆነ እሳቱ እስኪደርስ ይቆያል። ካልሆነ ግን ያ ዳር ላይ ያለው ድብልቅ በአንድ ጊዜ በራሱ ይፈነዳል፤ የግፊቱም ሞገድ ሲሊንደሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማው፣ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚረግፍ የሚመስለው ድምፅ ይህ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መካኒክ እንዲህ ሲያንኳኳ ከኖረ ሞተር ያወጣውን ካንዴላ ሳይጠርግ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጩ ሸክላ ላይ የደቀቀ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፤ ወደ ብርሃን ሲያዞረው ደግሞ በጥቁሮቹ መሀል ብር የመሰሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አብለጨለጩ። «እነዚህን አየሃቸው? ከፒስቶኑ ራስ የተላጠ አሉሚኒየም ነው» አለኝ። ከዚህ አልፎ የሚሄድ ሞተር ፒስቶኑ ይበሳል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ወጪ ከብዙ በርሜል ቤንዚን ይበልጣል።

አሁን ያሉት መኪኖች እዚህ እንዳይደርሱ የሚጠብቃቸው መሣሪያ አላቸው። በሞተሩ ብሎክ ላይ የተገጠመ ትንሽ ሴንሰር የንዝረቱን ጠባይ እያዳመጠ ማንኳኳት ሲጀምር ለሞተሩ ኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም የካንዴላውን ብልጭታ በጥቂቱ ያዘገየዋል። የነዳጅ ፍጆታ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅን ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ የገፋ ሰው ጊዜው ሁሉን እንደሚወስን ያውቃል፤ ልጁ ከጫፍ ደርሶ መመለስ በጀመረበት ቅጽበት በጣት የመንካት ያህል ቢገፉት በደንብ ይወነጨፋል፣ ርቆ ከሄደ በኋላ ግን የቱንም ያህል ቢገፉት እጅ አየር ላይ ይቀራል። የዘገየ ብልጭታም እንደዚሁ ነው። ነዳጁ ይነዳል፣ ፒስቶኑ ግን አስቀድሞ ወደ ታች መውረድ ስለጀመረ ብዙው ግፊት ሳይሠራ በማርሚታው ትኩስ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለማቀዝቀዝ ሲል ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ያ ትርፍ ቤንዚን አንዲት ሜትር እንኳ አያስኬድም።

እንግዲህ ከፍተኛ ኦክቴን የሚጠቅመው ይህን ሰንሰለት ከመነሻው ስለሚቆርጠው ነው። ቤንዚኑ ስለታገሠ ሞተሩ አያንኳኳም፤ ስላላንኳኳ ብልጭታው በሰዓቱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያው ቤንዚን የተሻለ ሥራ ይሠራል። ሞተሩ በተራው ቤንዚን ከመጀመሪያውም የማያንኳኳ ከሆነ ግን የሚቆረጥ ሰንሰለት የለም፣ የሚገኝ ቁጠባም የለም። ካርቡራቶር ያላቸው አሮጌ ፒክአፖች ሴንሰር ስለሌላቸው ብልጭታውን የሚያስተካክልላቸው መካኒክ፣ ማንኳኳቱን የሚሰማላቸው ደግሞ የሾፌሩ ጆሮ ብቻ ነው።

መጎተት ነገሩን የሚያከብደው ለምንድን ነው?

ባዶ ፒክአፕ ሜዳ ላይ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ከሞተሩ ጉልበት የሚጠቀመው ትንሹን ክፍል ነው፤ ሲሊንደሮቹ የሚሞሉት በከፊል ስለሆነ ግፊቱም ሙቀቱም መጠነኛ ነው። አንድ ቶን ተኩል ተሳቢ አስከትሎ ዳገት ሲጀምር ግን ሾፌሩ ነዳጅ እስከ ታች ይረግጣል፣ ሲሊንደሩ እስከሚችለው ድረስ አየር ይሞላል፣ የሚጨመቀውም በዚያው መጠን ይበዛል። በዚህ ላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ከፍተኛ ማርሽ ይዞ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረና እየተንገጫገጨ ዳገት የሚያወጣ ሾፌር ደግሞ ድብልቁ በሙቀትና በግፊት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝመዋል። የቀድሞ አሠልጣኞች «ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩን አታሳቅቀው» የሚሉት ምክር በሜካኒክስ ሚዛንም ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ማንኳኳቱን ለማስቆም ማርሽ መቀነስ ኦክቴን ከመጨመር እኩል ይሠራል።

አምራቾችም ይህን ልዩነት በመመሪያቸው ላይ ያሰፍራሉ። ፎርድ ኢኮቡስት የተባለው ባለ ተርቦ ሞተር ለተገጠመለት ኤፍ-150 ፒክአፕ መደበኛ ቤንዚን እንደሚበቃ ገልጾ፣ ተሳቢ እንደ መጎተት ላለ ከባድ ሥራ ግን ፕሪሚየም የሚባለው ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንዲቀዳ ይመክራል። ራም ለ5.7 ሊትር ሄሚ ሞተሩ መካከለኛውን ደረጃ ይመክራል፤ መደበኛውንም ይፈቅዳል። ተርቦ አየሩን ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ፣ ከተርቦ ጋር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ኦክቴንን ከሌላው አብልጦ ይፈልጋል።

ልዩነቱ በቁጥር ምን ያህል ነው? በአሜሪካ ትሪፕል ኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሁለት ፈተናዎች አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2016 መደበኛ ቤንዚን እንዲጠቀሙ የተሠሩ መኪኖች ላይ ፕሪሚየም ሞክሮ የሚጨበጥ ጥቅም አላገኘም። በ2017 ደግሞ አምራቾቻቸው ፕሪሚየም የሚመክሩላቸውን መኪኖች መጎተትንና ጭነትን በሚመስል ከባድ ሁኔታ ፈትሾ፣ የነዳጅ ቁጠባው በአማካይ 2.7 በመቶ፣ የጉልበት ጭማሪው 1.4 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ከመኪና መኪና ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ አንዳንዱ 7 በመቶ ሲቆጥብ ሌላው ጭራሽ በ1 በመቶ ከስሯል። በዚያን ጊዜ ፕሪሚየም ከመደበኛው ከ20 እስከ 25 በመቶ ይወደድ ስለነበር፣ ለኪስ ብቻ ብሎ የቀየረ ሰው አላተረፈም። ትርፉ የሞተሩ ጤንነትና ዳገት ላይ የሚሰማው ጉልበት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ምን ይለውጣል?

እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ነጥብ ይህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳው።

መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩን የሚሞላው በዚህ ስስ አየር ስለሆነ፣ ነዳጅ እስከ ታች ቢረገጥ እንኳ የሚጨመቀው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ብዙም አያንኳኳም፣ ብዙ ኦክቴንም አይፈልግም። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች ከፍተኛ ቦታዎች ያሉ ማደያዎች በሌላው አካባቢ ከሚሸጠው ዝቅ ያለ ኦክቴን ለረጅም ዘመን ሲሸጡ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚህ ሌላው ገጽታ የጉልበት ማነስ ነው። ሞተሩ ከሚያገኘው አየር ሩቡ ስለጎደለ፣ ከጉልበቱም ሩብ ገደማ ይጎድላል። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ተሳቢ ጎትቶ የሚወጣ የቤንዚን ፒክአፕ ሲያቃስት የሚሰማው ቤንዚኑ መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው አየር ነው። የጎደለን አየር ደግሞ ምንም ዓይነት ኦክቴን አይተካውም። ብዙ ሾፌሮች ይህን ድካም አይተው ነዳጁን ይከሳሉ፣ ካንዴላ ይቀይራሉ፣ ከሱቅ ኦክቴን ይጨምራል የተባለ ፈሳሽ በጠርሙስ ይገዛሉ። እኔም በበኩሌ ለረጅም ጊዜ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር።

መንገዱ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ጅቡቲ ወደብ ደግሞ ባሕሩ ዳር ነው። በየደረጃው አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ቀን አንኳኩቶ የማያውቅ ሞተር፣ በያው ታንከር ውስጥ ባለው በያው ቤንዚን፣ አዋሽ ላይ እቃ ጭኖ ወደ መተሐራ ሲመለስ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ሞተሩም ነዳጁም አልተበላሸም፤ የተለወጠው የሲሊንደሩ ግፊትና የሚገባው አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ኦክቴን ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ካለ፣ የቆላው ሙቀት ሳያልቅ ዳገቱ የሚጀምርበት የመልስ ጉዞ ነው። በዚያ ክፍል ላይ ቀትርን ትቶ በማለዳ ወይም ወደ ማታ መጓዝ፣ ማርሽ አስቀድሞ መቀነስና ነዳጅን ጨርሶ አለመርገጥ የሚገኘውን ቤንዚን በከፍተኛ ኦክቴን የመተካት ያህል ይረዳል።

ባለ ተርቦ የቤንዚን ሞተር ከዚህ ሕግ በከፊል ይወጣል። ተርቦው የከፍታውን ጉድለት ለማካካስ አብዝቶ ስለሚያምቅ፣ አዲስ አበባ ላይም ቢሆን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ቆላ ካለው ብዙ አይርቅም። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች መመሪያው የሚለውን ኦክቴን እዚህም ከተማ ውስጥ ሊያከብሩት ይገባል።

አንዱ መመሪያ 87፣ ሌላው 91 ይላል፤ የቱን ልያዝ?

ቁጥሮቹ የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ስለሆነ በቀጥታ አይወዳደሩም። ከአሜሪካ የመጣ ፒክአፕ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሁለት ፈተናዎች አማካይ ነው፤ አንዱ ፈተና ቀለል ያለ፣ ሌላው ሞተሩ ይበልጥ ሞቆ በፍጥነት እየዞረ የሚደረግ ነው። ከጃፓን፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በመጣ መኪና ላይ የሚጻፈው ግን የቀለለው ፈተና ውጤት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዚህ ስሌት የአሜሪካ 87 ከሌላው ዓለም 91 ወይም 92 ጋር አንድ ነው፤ የአሜሪካ 91 ደግሞ ከ95 ወይም 96 ጋር። ከአሜሪካ በመጣ መኪና ታንከር ክዳን ላይ 91 አይቶ «የጎረቤቴም 91 ይላል» ብሎ የሚዝናና ሰው ሞተሩ ከሚጠይቀው አራት ያህል ቁጥር ዝቅ ያለ ነዳጅ እየቀዳ ሊሆን ይችላል።

ፒክአፔ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነስ?

ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም። ከተማችን ውስጥ ተሳቢ የሚጎትቱት አብዛኞቹ ፒክአፖች የናፍጣ ናቸው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ ነዳጁም በግፊት ብቻ በራሱ እንዲነድ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ የናፍጣ ጥራት የሚለካው ሴቴን በሚባል በተቃራኒው መለኪያ ነው፤ ቶሎ የሚነደው ይመረጣል። ናፍጣ ውስጥ «ኦክቴን እንዲጨምር» ብሎ ቤንዚን የሚቀላቅል ሰው ፓምፑንና መርጫውን ይጎዳል።

ኦክቴን ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ ይረዳል?

ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የሚታዩት እነዚህ ጠርሙሶች ላይ የሚጻፈው «ነጥብ» ብዙዎችን ያሳስታል። በዚህ ንግድ 10 ነጥብ ማለት አንድ ኦክቴን ማለት ነው፤ ስለዚህ «30 ነጥብ ይጨምራል» የሚል ጠርሙስ 91ን 94 ሊያደርግ ይችላል እንጂ 121 አያደርግም። አንዳንዶቹ ማንጋኒዝ የተባለ ብረት ስላለባቸው ቢደጋገሙ ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ። የቀድሞው መፍትሔ እርሳስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ማንኳኳትን እንደሚያስቀር ተደርሶበት ለመቶ ዓመት ያህል በቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ቆይቶ፣ ለሰው በተለይም ለሕፃናት አእምሮ መርዝ በመሆኑ በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም አቁማዋለች።

ከጠርሙሱ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው የቤንዚኑ ንጽሕና ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል፤ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ቤንዚን ቀድቶ ተሳቢ መጎተት ሞተሩን አሳልፎ መስጠት ነው። ከታወቀ ማደያ የተቀዳ ተራ ቤንዚን፣ ከመንገድ ዳር ከተገዛና ጠርሙስ ከተጨመረበት ቤንዚን ይበልጣል።

ታዲያ ነዳጁን የሚበላው ምንድን ነው?

ክብደቱ፣ ዳገቱና ነፋሱ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ 650 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ያንን ክብደት ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 9.5 ሜጋ ጁል ሥራ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ከሊትሩ ኃይል ሩብ ገደማውን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ተሳቢው ከፍታውን ለመውጣት ብቻ አንድ ሊትር ከሩብ የሚጠጋ ቤንዚን ይፈጃል። የጎማው ሰበቃና የነፋሱ ግፊት ገና አልተቆጠሩም። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር እየሄደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፒክአፕ ወደ 17 ሊትር ይፈጃል፤ ከላይ ያየነው 2.7 በመቶ ከዚህ ላይ የሚያተርፈው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ነፋሱ ደግሞ ከፍጥነት ጋር አብሮ አይጨምርም፤ ከፍጥነቱ ቀድሞ ይሮጣል። በፈጣኑ የአዳማ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ከ100 ወደ 80 ዝቅ ያደረገ ሾፌር የነፋሱን ግፊት በ36 በመቶ ይቀንሰዋል፤ ሸራው በደንብ ተወጥሮ ሳይርገበገብ ቢታሰርና የተሳቢው ጎማ ነፋስ ልኩን ቢይዝ ደግሞ ሌላ ይጨመርለታል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅም ይቆጥባል የሚባለው ስሕተት ነው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። የተሳቢ ክብደት ከኋላ እየገፋ በፍሬን ብቻ መውረድ የሚያመጣው አደጋ ሳይነሳ ማለት ነው።

በራሴ መኪና እንዴት ላረጋግጥ?

ታንከሩን ከአንድ ማደያ አንድ መቅጃ ላይ እስከ አፉ ሞልተው ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። ያው ተሳቢ፣ ያው ጭነት፣ ያው መንገድ ደርሶ መልስ ይጓዙና ከያው መቅጃ እንደገና እስከ አፉ ይሙሉ፤ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ። የዳገቱና የቁልቁለቱ ነገር እንዲጣፋ ደርሶ መልስ መሆኑ የግድ ነው። ከዚያ የሚፈትሹትን ነዳጅ ወይም ጠርሙስ ያስገቡና፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን ነዳጅ እስኪለምደው አንድ ሙሉ ታንከር ሳይቆጥሩ አሳልፈው ይድገሙት። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ልዩነት አይታመን፤ የነፋስ አቅጣጫና የቃሊቲ መጨናነቅ ብቻውን 5 በመቶ ሊያዛባው ይችላልና ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ።

ማደያው ላይ ላገኘሁት ሾፌር የነገርኩት ይህንኑ ነበር። ቀጂዋ ክዳኑን ገጥማለት ሲነሳ ማስታወሻ ደብተሩን ከዳሽቦርዱ አውጥቶ ኪሎ ሜትሩን ጻፈ፤ ተሳቢው መውጫው ላይ ጎበጥ ያለውን አስፋልት ሲሻገር ጄኔሬተሩ አንዴ ተነቃነቀ፣ እርሱም ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ወደ መንገዱ ገባ።